የእርጥበት መለኪያው በማን እጅ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ በቆሎ ገበሬዎች የምታወጧቸውን ዘገባዎች ሳላነብ አላልፍም። አብዛኞቹ የዘርና የማዳበሪያ ወሬ ናቸው። ዘሩ በጊዜ ደረሰ ወይ? ማዳበሪያው ተዳረሰ ወይ? ከሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ዘገባው ግን ሁልጊዜ ሰብሉ ሲሰበሰብ ያበቃል። የገበሬው ትልቁ ጭንቅ ደግሞ የሚጀምረው ልክ እዚያ ላይ ነው።

ይህን የምለው ከሚዛኑ ማዶ ቆሜ ስላየሁት ነው። ለተወሰኑ ዓመታት እህል በሚረከብ መጋዘን ሠርቻለሁ። ሥራዬ ከየጆንያው ናሙና እያወጣሁ እርጥበቱን መለካት ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት ስድስት ጆንያ በቆሎ በኪራይ ጋሪ አስጭነው መጡ። ለካሁት፣ 18 በመቶ አሳየ። የምንቀበለው እስከ 14 ብቻ ነበር። «ልጄ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ እኮ፣ ደርቋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በእጅ ሲታፈስ ደረቅ ይመስላል። 18ን ከ14 በጣት መለየት ከባድ ነው። ያን መለኪያ ደግሞ ከዚያ ቀን በፊት አይተውት አያውቁም። የጋሪውን ኪራይ ከፍለው መልሰው ሊወስዱት አልቻሉም። በር ላይ ለቆመ ነጋዴ በሰጣቸው ዋጋ ሸጠውት ሄዱ። ፊታቸው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

በቆሎ ማሳ ላይ ደረሰ ሲባል ፍሬው ገና ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ ውኃ ነው። ሳይበላሽ እንዲቀመጥ ግን ወደ 13 በመቶ መውረድ አለበት። ይህ ካልሆነ ሻጋታ ይይዘዋል። አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል፣ ተቀቅሎም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቃዊ ኬንያ በተበከለ በቆሎ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። እህሉ ከነእርጥበቱ ቤት ውስጥ የተከማቸ ነበር። ስለዚህ ማድረቅ የዋጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ገበሬው ለምን አያደርቅም? ሰነፍ ስለሆነ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያናድደኛል። እስቲ ሂሳቡን እንየው። እርጥበቱ 20 በመቶ የሆነ 100 ኪሎ በቆሎ አለ እንበል። ውስጡ 80 ኪሎ ደረቅ እህልና 20 ኪሎ ውኃ ነው። ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ ክብደቱ 92 ኪሎ ይሆናል። ስምንቱ ኪሎ ተነነ ማለት ነው። ገዢው እርጥቡንም ደረቁንም በኪሎ እኩል ከከፈለ፣ ያደረቀው ሰው የ8 ኪሎ ዋጋ ተቀጣ። ቀኑን ሙሉ ሲያገላብጥ የዋለበት ድካም ገና አልተቆጠረም። ለደረቁ በኪሎ 9 በመቶ ያህል ብልጫ ካልተከፈለ የጠፋው ክብደት እንኳ አይካስም። በዚህ ገበያ ላይ እርጥብ የሚሸጠው ሰው ሂሳቡን በደንብ የገባው ሰው ነው። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት አከፋፈሉ ነው።

ከዚያ መለኪያው። የመለካት አቅም በገዢው እጅ ብቻ እስካለ ድረስ ገበሬው «እርጥብ ነው» ሲባል መልስ የለውም። ለአንድ መንደር፣ ለአንድ ማኅበር አንድ መለኪያ ቢኖር ብዙ ነገር ይቀየራል። እስከዚያው በጨው መሞከር ይቻላል። ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ትንሽ ደረቅ ጨው ይጨመራል። ተከድኖ በደንብ ይወዘወዛል፣ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተጣበቀ ከዚያ በታች ወርዷል። 13 ለመድረሱ ማረጋገጫ አይሆንም፣ ቢሆንም የጋሪ ኪራይ ከመክፈል በፊት ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። እኚያን እናት ይህን ሳልነግራቸው መሸኘቴ ይቆጨኛል።

የደረቀውን ደግሞ ነቀዝ ይጠብቀዋል። ለዚህ አየር የማያስገባ ከረጢት አለ። ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ከውስጥ፣ አንድ ጆንያ ከውጭ። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሜሩን ውስጥ ለጥራጥሬ ማከማቻ የተሠራ ነው፣ በኋላ ለበቆሎም ዋለ። ነቀዙ ውስጥ ያለችውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ይሞታል። ኬሚካል አያስፈልግም። እርጥብ እህል ከታሰረበት ግን አያድነውም፣ አይጥ ከበሳውም ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከረጢቱም፣ መለኪያውም፣ እህል የሚሰጣበት ሸራም ቢኖር ገበሬው ነገ ዕዳ መክፈል ካለበት ዛሬ ይሸጣል። የዘርና የማዳበሪያ ብድር ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ሰብል በተሰበሰበ ማግሥት ነው። ሁሉም በአንድ ሰሞን ያወጣል፣ ዋጋ ይወድቃል። ከወራት በኋላ ዋጋው ሲወጣ ያው ሰው ለቤቱ በቆሎ ገዢ ሆኖ ይመጣል። ኬንያ ውስጥ የተደረገ ጥናት በምርት ሰሞን ብድር ያገኙ ገበሬዎች እህላቸውን አቆይተው በመሸጣቸው ትርፋቸው እንደጨመረ አሳይቷል። አዲስ ቴክኖሎጂ አላስፈለገም። የተለወጠው ገንዘቡ እጃቸው የሚገባበት ጊዜ ነው። አበዳሪዎች የመክፈያውን ቀን ጥቂት ወር ቢገፉት፣ ወይም መጋዘን የገባው እህል ራሱ መያዣ ሆኖ ብድር ቢሰጥበት፣ ለብዙ ቤተሰብ ከአንድ ጆንያ ማዳበሪያ ያላነሰ እርዳታ ይመስለኛል።

የማሳው ሥራ ይቅር እያልኩ አይደለም። ዲቃላ ዘር ከምርቱ ተመልሶ ከተዘራ ጉልበቱ እንደሚቀንስ፣ በቆሎ ሲያብብ ውኃ ካጠረው ፍሬው እንደሚሳሳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አፍሪካ የገባው መጤ ተምች በጊዜ ካልታየ ማሳ እንደሚጨርስ አውቃለሁ። በዚህ ላይ የሚደክሙ ባለሙያዎች አሉ፣ ይበርቱ። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ድካም የተጨመረው ኩንታል ሚዛኑ ላይ ከጠፋ ማን ተረዳ?

ተደራጅቶ መሸጥም ያለ ገዢ አይሠራም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው ሙከራ በ20 አገሮች ከአነስተኛ ገበሬዎች ማኅበራት እህል ይገዛ ነበር። ጥራት የሚጠይቅና ለጥራቱ የሚከፍል ገዢ መኖሩ ሲታወቅ ሰው ለማድረቅና ለማበጠር ምክንያት ያገኛል። የትምህርት ቤት ምገባና ሆስፒታልም እንዲህ ዓይነት ገዢ መሆን ይችላሉ።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው የምርት ሰሞን ጋዜጠኛችሁን ማሳ ብቻ አትላኩ። ሚዛኑ ጋ ይቁም። ለእርጥቡ ስንት፣ ለደረቁ ስንት እንደሚከፈል ይጻፍልን። መለኪያውን ገበሬው አይቶት እንደሆነ ይጠይቅ። ብድሩስ መቼ ይከፈላል ይበል።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የእህል መጋዘን ሠራተኛ