የመጀመሪያውን ወረቀት ፈልጊ

ውድ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ ሁሉም ደህና ናቸው? ተጠፋፋን እኮ! አንቺም ዝም፣ እኔም ዝም። በጣም ናፍቀሽኛል።

ታናሽሽ የባለቤትሽን ቅድመ አያት የትውልድ መንደር እየፈለጋችሁ እንደሆነ ስትነግረኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቤተሰቡ «ከኦስትሪያ አሜሪካ መጥቶ ፔንሲልቬንያ ከሰል ማውጫ ገባ» ከማለት ሌላ የሚያውቀው የለም አሉ። ኦስትሪያ የሚለውን ግን ብዙ አትመኚው። ያኔ የዛሬው ደቡብ ፖላንድ፣ ምዕራብ ዩክሬን፣ ቼክና ስሎቬኒያ ሁሉ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበሩ። የጥምቀት መዝገብ ደግሞ የሚገኘው በአጥቢያ ስለሆነ የመንደሩ ስም የግድ ያስፈልጋል።

ስሙን የምታገኙት ከዜግነት ወረቀቱ ነው። ብዙ ሰው በፍሬም የተሰቀለውን የምስክር ወረቀት ይዞ ያቆማል፤ እሱ ላይ ግን ብዙ ነገር የለም። አንቺ የመጀመሪያውን ወረቀት ፈልጊ፤ ዜጋ ለመሆን ማሰቡን ለፍርድ ቤት ያስታወቀበትን። ከመስከረም 1906 በኋላ የተሞላ ከሆነ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የተወለደበት ቦታና ቀን፣ የመጣበት መርከብ፣ የገባበት ወደብ ይኖርበታል። ቁመቱ፣ የዓይኑ ቀለም፣ ሰውነቱ ላይ ያለ ምልክት ሳይቀር ይጻፋል። ለንጉሠ ነገሥቱ ያለውን ታማኝነት እንደሚተውም በስም ጠቅሶ ይገልጻል፤ ከታች የራሱ ፊርማ አለ። እኔ እንዲህ ዓይነት ፊርማ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ከ1929 አጋማሽ ወዲህ ከሆነ ደግሞ ፎቶም ይለጠፍበታል።

ከ1906 በፊት ከሆነ ነገሩ ከበድ ይላል። ያኔ የከተማም ይሁን የካውንቲ (እንደኛ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) ፍርድ ቤት ዜግነት ይሰጥ ነበር፤ ሁሉም በየራሱ ቅጽ። ብዙዎቹ አገሩን ብቻ ጽፈው ያልፋሉ።

የት ልጀምር ካልሽ፣ ከሕዝብ ቆጠራ። የ1920ው ቆጠራ ዜግነት ያገኘበትን ዓመት ይጠይቃል። ከስሙ ትይዩ «ፒኤ» ካየሽ የመጀመሪያውን ወረቀት አስገብቷል፣ ሁለተኛውን፣ ማለትም የዜግነት ማመልከቻውን፣ ገና ነው ማለት ነው። «ኤንኤ» ከሆነ ጨርሷል። «ኤኤል» ከሆነ ገና የውጭ ዜጋ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች በሁለት የተለያዩ ካውንቲዎች ሊገኙ ይችላሉ፤ ሰዉ ሥራ ፍለጋ ይዘዋወር ነበርና። ፋሚሊሰርች በሚባለው የቤተሰብ ታሪክ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ፈልጊ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶቹ መዝገብ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው ያለው። እዚያም ከጠፋ፣ ከ1906 ወዲህ ያለው ግልባጭ ዩኤስሲአይኤስ (የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) ዘንድ በክፍያ ይጠየቃል።

ስሙን በአንድ ፊደል አጻጻፍ ብቻ አትፈልጊ። ኤሊስ አይላንድ፣ ኒውዮርክ ያለው የስደተኞች መቀበያ፣ ላይ ስማቸውን ቀየሩባቸው የሚባለው ወሬ ነው፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ናቸው በኋላ የቀየሩት። አንዳንዴም የስም ለውጡ እዚያው ማመልከቻው ላይ ተጽፎ ይገኛል።

የቅድመ አያቱን ሚስት ወረቀት ካጣሽ አትደንግጪ። እስከ 1922 ድረስ ሚስት በባሏ ዜግነት ዜጋ ትሆን ስለነበር የራሷ ፋይል ላይኖራት ይችላል። እሱ ራሱ ሳይጨርስ ቀርቶ እስከ 1940 በሕይወት ከነበረ ደግሞ የዚያን ዓመት የውጭ ዜጎች ምዝገባ ጠይቂ።

ቆጠራው ላይ ያገኘሽውን ዓመትና የካውንቲውን ስም ላኪልኝ፤ አብረን እንፈልገዋለን። የልጆቹንም ነገር ዝርዝር አድርገሽ ጻፊልኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ።

ያንቺው እህት