ለሀዋርድም አንድ ገጽ ይሰጠው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

የስፖርት ገጻችሁን ሳላነብ የማልፈው ሳምንት የለም። አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ በደንብ ይዘገባሉ። የአገር ቤቱ ፕሪሚየር ሊግም ቦታ አለው። አትሌቶቻችን የትም አገር ሮጠው ሲያሸንፉ ወሬውን ከእናንተ እናገኛለን። ለዚህ ሁሉ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። የፊታችን ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 19፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ከዩ ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር በሚደረስበት ሜዳ ትልቅ የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ አለ። ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ መቶኛውን ሆምካሚንግ ያከብራል። ባይሰን የሚባለው የሀዋርድ ቡድን ከናሽቪል የሚመጣውን የቴኔሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ይገጥማል። ስለዚህ ጨዋታ በጋዜጣችሁ ላይ እስካሁን አንድ መስመር አላየሁም።

ለእኛ ሰው አይመለከተውም ብላችሁ ከሆነ አልስማማም። ይመለከተዋል። ለምን እንደምል በዚህ ደብዳቤ ልንገራችሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ በዓሉ። ሆምካሚንግ የድሮ ተማሪዎች ወደ ግቢያቸው የሚመለሱበት ሳምንት ነው። ማን ጀመረው በሚለው ላይ ቤይለር፣ ኢሊኖይና ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሀዋርድ የጀመረው በ1924 ነው። ሌላው ቦታ ሆምካሚንግ የኳስ ቀን ሲሆን፣ እንደ ሀዋርድ ባሉ የጥቁር ዩኒቨርሲቲዎች ግን የዘመድ መገናኛም ነው። ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጋር ይመጣል። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ክፍል የተማሩ ሴቶች መንገድ ላይ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ታያላችሁ። ሁሉም ሰማያዊና ነጭ ለብሷል። ጆርጂያ አቬኑ በሰው ይሞላል፤ የተጠበሰ ዶሮና የአሳ ሽታ ከሩቅ ይቀበላችኋል። እኛ ጥምቀትን የምናውቅ ሰዎች ይህንን ድባብ ለመልመድ ጊዜ አይፈጅብንም።

አሁን ወደ ሜዳው። ጨዋታው የሚደረገው ግቢው ውስጥ ባለው ግሪን ስታዲየም ነው። ከ1926 ጀምሮ ያለ ሜዳ ነው። ትንሽ ነው፤ ወደ 7,000 ሰው ብቻ ይይዛል። ለሆምካሚንግ የሚመጣው ሕዝብ ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ መግባት የሚፈልግ ሰው ትኬቱን አስቀድሞ ይግዛ። በር ላይ አገኛለሁ ብሎ መሄድ ዋጋ ያስከፍላል።

ሀዋርድ አምና ጥሩ ዓመት ነበረው። በአሰልጣኝ ላሪ ስኮት መሪነት ሚያክ የሚባለውን የሊጉን ዋንጫ ለብቻው ወሰደ። ዋንጫውን ከማንም ጋር ሳይጋራ ሲያነሳ ከ1993 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በዲሴምበር አትላንታ ላይ በሴሌብሬሽን ቦውል ከፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ጋር ተጫውቶ 30 ለ 26 ተሸነፈ። በአራት ነጥብ ብቻ! ያን ጨዋታ ያየ ሰው ዘንድሮ ከዚህ ቡድን ብዙ መጠበቁ አይገርምም። የዘንድሮው አጀማመር ግን እንደተጠበቀው አልሆነም። ለዚህ ነው ቅዳሜ ከበዓልነቱ በላይ የሚከብደው።

ቴኔሲ ስቴት ቀላል እንግዳ አይደለም። በዚህ በ2024 የውድድር ዓመት አሰልጣኙ ኤዲ ጆርጅ ነው። በ1995 በኮሌጅ ፉትቦል ትልቁን የሀይዝማን ሽልማት ያሸነፈ፣ በኋላም ቴኔሲ ታይታንስ በሚባለው የፕሮፌሽናል ቡድን ስሙን የተከለ ሰው ነው። በተጫዋችነት ዘመኑ ኳሱን ይዞ በጉልበት ሰብሮ የሚሮጥ ነበር። ቡድኑንም ትግል እንዲወድ አድርጎ እየሠራው ይመስለኛል። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ሊግ ውስጥ ስላልሆኑ ውጤቱ በሀዋርድ የሊግ ደረጃ ላይ ለውጥ አያመጣም። ነገር ግን በመቶኛው ሆምካሚንግ፣ በራስ ሜዳ፣ ከየአገሩ በመጡ የድሮ ተማሪዎች ፊት መሸነፍን ማን ይፈልጋል? እኔ እንደማስበው ጨዋታውን የሚወስነው ኳሱን ረዘም ላለ ጊዜ የሚይዘው ቡድን ነው። ሀዋርድ በመጀመሪያው ሩብ ቶሎ ነጥብ ካላገባ ከሰዓቱ ይከብደዋል።

ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ ይህን ያህል ማወቅ ይበቃዋል። ኳሱን የያዘው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በእነዚህ አራት ሙከራዎች ቢያንስ 10 ያርድ ወደፊት መሄድ አለበት። ከሄደ አዲስ አራት ሙከራ ያገኛል። ካልሄደ ኳሱ ለሌላው ያልፋል። ኳሱን ይዞ መጨረሻው ክልል መግባት ታችዳውን ይባላል፤ ስድስት ነጥብ ነው። ከዚያ በኋላ ኳሱን በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መሃል ካሳለፈ አንድ ይጨመራል። ታችዳውን ያቃተው ቡድን ከሩቅ መትቶ ካሳለፈ ሦስት ያገኛል። ቀሪውን አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ያስረዳችኋል። ጠይቁት፤ ደስ እያለው ነው የሚነግራችሁ።

ስለ ቴኔሲ ስቴት አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኛ ሰው ይጥመዋልና። በ1960 የሮም ኦሎምፒክ ሦስት ወርቅ ያገኘችው ዊልማ ሩዶልፍ የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት እግሯ በብረት ድጋፍ ታስሮ የነበረ ልጅ ናት። በዱላ ቅብብሉ አብረዋት የሮጡት ሦስቱም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ልጆች ነበሩ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈበት ኦሎምፒክ ማለት ነው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰሞን ሁለቱም ዓለምን አስደነቁ። ቅዳሜ የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች ጎን የሚቀመጥ ሐበሻ ጨዋታ ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ወሬ አያገኝም።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። የእኛና የሀዋርድ ነገር የተጀመረው እኛ ዲሲ መጥተን ምግብ ቤት ስንከፍት አይደለም። ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ የሚባሉ መምህር ከ1922 እስከ 1959 በዚያ ግቢ የአፍሪካን ታሪክ አስተምረዋል። አፍሪካ ታሪክ የላትም በሚባልበት ዘመን ስለ አክሱምና ስለ ኑቢያ ያስተምሩ ነበር። ባልደረቦቻቸው ሳይቀሩ ያናንቋቸው ነበር። እሳቸው ግን አልተውትም። በ1934 የኢትዮጵያ የምርምር ምክር ቤትን ካቋቋሙት ሰዎች ዋናው ናቸው። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በአፍሪካ ጥናት ሲሸልም የመጀመሪያው ተሸላሚ እሳቸው ሆኑ።

ዶክተር መላኩ በያንም ሕክምና የተማሩት ሀዋርድ ነው። ጣሊያን ሲወርረን አገር ቤት ገብተው ቁስለኛ አከሙ። በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ተወካይ ሆነው ወደ አሜሪካ ተመለሱና በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። ያኔ ለኢትዮጵያ ሳንቲም ያዋጣው ማን ነበር? ራሱ በችግር ላይ የነበረው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ሙዳየ ምጽዋት ዞረ። ሰልፍ ወጡልን፤ አልቅሰውልናል። በ1954 ንጉሠ ነገሥቱ አሜሪካን ሲጎበኙ ሀዋርድ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እያለ፣ ዛሬ ስንቶቻችን ነን ሀዋርድን በመኪና መስኮት ብቻ የምናውቀው? በጆርጂያ አቬኑ በታክሲ ስንመላለስ እንውላለን። ሀዋርድ ሆስፒታል ልጅ የወለደ ሰው በመካከላችን ሞልቷል። ሆስፒታሉ ያለበት ቦታ ድሮ ግሪፊዝ ስታዲየም የሚባል የኳስ ሜዳ ነበር። በሆምካሚንግ ሳምንት ግን መንገድ ተዘጋ፣ ፓርኪንግ ጠፋ ብለን እናማርራለን። በዓሉ የጎረቤት በዓል መሆኑ ትዝ አይለንም። አብረን እየኖርን ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተራርቀናል፤ ይህ ያሳዝነኛል። መቀራረብን በስብሰባና በመግለጫ ብቻ ማምጣት አይቻልም። አብሮ መቀመጥ፣ አብሮ መጮህ፣ ከአንድ ትሪ መብላት ያስፈልጋል። ቅዳሜ ለዚህ የተመቸ ቀን ነው።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ዛሬ ሀዋርድ የሚማሩ የእኛ ልጆች ብዙ ናቸው። ልጁ ወደ ቤት ሲመጣ የምንጠይቀው ስለ ውጤቱ ነው። መጠየቃችን ጥሩ ነው። ግን ልጆቻችን እዚያ ግቢ ውስጥ ሌላም ሕይወት አላቸው፤ እኛ ደግሞ አናውቀውም። ቅዳሜ ልጃችሁን “እኔም እመጣለሁ” በሉት። መጀመሪያ ሊያፍር ይችላል። ግቢውን ያሳያችሁ። የፋውንደርስ ላይብረሪን የሰዓት ማማ ያሳያችሁ። ጓደኞቹን ያስተዋውቃችሁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ሕግ የተማሩበት፣ በ2024 ለፕሬዝዳንትነት የተወዳደሩት ካማላ ሃሪስ በ1986 የተመረቁበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ልጃችሁ የዚህ ታሪክ አካል መሆኑን በዓይናችሁ ስታዩ የክፍያው ነገርም ትንሽ ይቀላል።

አሁን ጥያቄዬን ላቅርብ። ከቅዳሜ በፊት በሚወጣው እትማችሁ ለዚህ ጨዋታ አንድ ገጽ ስጡት። ስለ ሁለቱ ቡድኖች ጻፉ። ስለ ሃንስቤሪና ስለ ዶክተር መላኩ ጻፉ፤ ወጣቱ አያውቃቸውም። መኪና ይዘው እንዳይሄዱ፣ በሜትሮ ግሪን ላይን ሄደው ሾው ሀዋርድ ጣቢያ ወርደው በእግር ሽቅብ እንዲወጡ ለአንባቢ ንገሩት። በዩ ስትሪትና በናይንዝ ስትሪት ያሉ ምግብ ቤቶቻችን ደግሞ በር ላይ “ለሀዋርድ ሰዎች እንኳን ደህና መጣችሁ” የሚል ወረቀት ቢለጥፉ ደስ ይለኛል። ከጨዋታው በኋላ የሚራበው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ጥብስና ሽሮ የት እንደሚገኝ ይጠይቃል።

ፎቶ አንሺ ብትልኩማ እንዴት ጥሩ ነበር። ከላካችሁ ግን አንድ አደራ አለኝ። በእረፍት ሰዓት ከመቀመጫው እንዳይነሳ። በሌላው ኳስ እረፍት ማለት ሰው ውኃ የሚገዛበት ሰዓት ነው። በጥቁር ዩኒቨርሲቲዎች ግን ማርሽ ባንዱ ሜዳ የሚገባው ያኔ ነው፤ ለእሱ ብቻ የሚመጣ ሰውም አለ። የቴኔሲ ስቴት ባንድ በ2023 ግራሚ የሚባለውን ትልቅ የሙዚቃ ሽልማት ወስዷል፤ ከኮሌጅ ማርሽ ባንዶች የመጀመሪያው ነው። እንዲህ ዓይነት ስም ካለው ትምህርት ቤት ጋር ሲጋጠም የሀዋርዱ ሾውታይም ባንድም ያለውን ሁሉ ያወጣል። ፎቶ አንሺው ለዚያ ሰዓት ባትሪውን ይቆጥብ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ