ከሂሳቡ በፊት የሲሊንደሩን አንገት አንብቡ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን የቤት መኪናን በተፈጥሮ ጋዝ እንዲሠራ ስለማስቀየር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ጥሩ አድርጋችሁ ነው የጻፋችሁት። በነዳጅ ወጪ የማያማርር ባለመኪና የለም፤ መረጃው ያስፈልጋል። ግን ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ስለ ቁጠባ ነው። ጋዙ ታምቆ ስለሚቀመጥበት ሲሊንደር የተጻፈችው አንዲት መስመር ብቻ ናት። እኔ ደግሞ ከሁሉ በፊት መጻፍ የነበረበት ስለ ሲሊንደሩ ነው ባይ ነኝ።

ሙያዬ ነርስነት ነው። ብዙውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ነኝ። መኪናዬን ወደ ሲኤንጂ፣ ማለትም ወደ ታመቀ የተፈጥሮ ጋዝ ካስቀየርኩ አራት ዓመት አለፈኝ። ዛሬም የምነዳው በጋዝ ነው፤ የመተው ሐሳብም የለኝም። የምጽፈው ሌላው ሰው እኔ የገባሁበት ጣጣ ውስጥ እንዳይገባ ነው።

መጀመሪያ የቀየረልኝ ጋራዥ ሥራውን በሁለት ቀን ጨረሰ። ሲሊንደሩን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አጋድመው አሰሩት። አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ዳሽቦርዱ ላይ ቤንዚንና ጋዝ የምቀያይርባት ትንሽ ማብሪያ ገጠሙልኝ። አስነሳሁት፣ ነዳሁት፣ ደስ አለኝ። ወረቀት አልጠየቅኩም። እነሱም አልሰጡኝም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ አንድ ቀን ሌሊቱን ሠርቼ ጎህ ሲቀድ ወደ ቤት ስመለስ መኪናው አቅም ከዳው። ነዳጅ ስሰጠው ይንቀጠቀጥና ሊጠፋ ይደርሳል። ማብሪያዋን ወደ ቤንዚን ስመልሳት ወዲያው ተስተካከለ። ጥግ ይዤ ቆምኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩ ግሏል፤ እጅ አያስቀምጥም። ከጎኑ ያለው ሬጉሌተር ግን ነጭ አመዳይ ለብሷል። ከሬጉሌተሩ ጋዙን ወደ ሞተሩ ወደሚረጨው ኢንጀክተር የሚሄደው ቱቦ እስከ ግማሹ በረዶ ይዟል። በጣቴ ስነካው ቆዳዬን ያዝ አደረገኝ። ከጋለ ሞተር አጠገብ በረዶ ማየት ግራ ያጋባል። ቀሪውን መንገድ በቤንዚን ነዳሁ።

በማግስቱ ዕድሜያቸው ጠና ያለ ሌላ መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። ገና ሲያዩት ገባቸው። ጋዙ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀመጠው በ200 ባር ግፊት ነው። የመኪና ጎማ 2 ባር ገደማ ነው፤ መቶ እጥፍ ማለት ነው። የሬጉሌተሩ ሥራ ያንን ግፊት ሞተሩ ወደሚችለው ጥቂት ባር ማውረድ ነው። ጋዝ ከዚያ ሁሉ ግፊት ባንድ ጊዜ ሲለቀቅ ደግሞ ክፉኛ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ሙቅ ውሃ በሬጉሌተሩ ውስጥ እንዲያልፍ የሚደረገው። የኔን መኪና የሙቅ ውሃ ቱቦ የቀጠሉት ግን ውሃ በደንብ በማይዞርበት መስመር ላይ ነበር። ቱቦውን ቦታ አስለውጠው ቀጠሉትና ያ ችግር አለቀ።

እሳቸው ግን አላቆሙም። ሳሙና በውሃ በጥብጠው በየመጋጠሚያው ላይ በብሩሽ ቀቡ። ከሲሊንደሩ ቫልቭ ሥር አረፋ ተነሳ። የመርፌ ራስ የምታክል አረፋ ብቅ ትላለች፣ ትፈነዳለች፣ ሌላዋ ትተካታለች።

"ሲስተር፣ የዚህ ሲሊንደር ወረቀት የታለ?" አሉኝ።

"አልሰጡኝም ጋሼ" አልኳቸው።

የእጅ ባትሪያቸውን አብርተው የሲሊንደሩን አንገት ዙሪያውን አዩት። ቀለሙን በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረጉ። ከሥሩ የተመቱ ፊደሎችና ቁጥሮች መገኘት ነበረባቸው። ያገኘነው የመፍጫ ጭረት ነው። የጣት ርዝመት ያህል ብረት ተፍቆ፣ ቀለም ለብሶ ነበር የተሰጠኝ። የተሠራበትና የተፈተሸበት ቀን የነበረው እዚያ ነው።

እኔ ቀን ሳላነብ ውዬ አላድርም። መድኃኒት ከብልቃጡ ወደ ስሪንጅ ከመሳቤ በፊት የሚያበቃበትን ቀን አያለሁ። የኦክስጅን ሲሊንደር ሲመጣ የተፈተሸበትን ቀን አያለሁ፤ ከዚያ በሰንሰለት ከግድግዳው ጋር አስረዋለሁ። እኛ ጋ የሚመጣው ሲሊንደር ሲሞላ ወደ 150 ባር ነው። ከሱ የሚበልጥ ግፊት የተሸከመውን፣ ቀኑ የተፋቀውን ሲሊንደር፣ ልጄ ከምትቀመጥበት ወንበር ጀርባ በሁለት ስስ ላሜራ ታስሮ ሦስት ሳምንት ይዤው ዞርኩ። ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ተመለስኩ። "ብረት እኮ ነው፣ ብረት ምን ይሆናል?" አሉኝ። ገንዘቤን ከብዙ ምልልስ በኋላ በከፊል መለሱልኝ። እኔን ያንገበገበኝ ግን መልሱ ነው። ብረት ይደክማል። ሲሊንደር በተሞላ ቁጥር በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል፣ ሲጎድል ይሰበሰባል። ይህ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ጋዙ በደንብ ካልደረቀ ደግሞ እርጥበቱ ከውስጥ ዝገት ያበላዋል። ከውጭ ስታዩት ግን ቀለሙ አዲስ ነው። ለዚህ ነው ሲሊንደር የአገልግሎት ዘመን የሚኖረው። ብዙውን ጊዜ 15 ወይም 20 ዓመት ነው። በመሃሉ ደግሞ እንደየአገሩ ደንብ በየሦስት፣ በየአራት ወይም በየአምስት ዓመቱ ይፈተሻል።

ፍተሻው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ጥሩ ነው። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ዘዴ ሲሊንደሩን አስፈትቶ በውሃ መሙላትና ግፊቱን ወደ 300 ባር መውሰድ ነው፤ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ። ውሃ የሚመረጠው እንደ ጋዝ ስለማይታመቅ ነው። ሲሊንደሩ ባይችልና ቢሰነጠቅ እንኳ ውሃው ይፈስሳል እንጂ እንደ ጋዝ አይፈነዳም። ምን ያህል እንደተለጠጠ፣ ከዚያ ምን ያህል ወደ ቦታው እንደተመለሰ ይለካል። ያልተመለሰው ከልኩ ካለፈ ሲሊንደሩ ከሥራ ይወጣል። ፍተሻውን ካለፈ ግን ውስጡ በደንብ ደርቆ አዲሱ ቀን ይመታበታል።

አንገቱ ላይ ምን ይነበባል? የአምራቹ ምልክትና የሲሊንደሩ መለያ ቁጥር፣ የተሠራበት ወርና ዓመት፣ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ የሥራ ግፊቱና የተፈተሸበት ግፊት። የተሠራበት ደረጃም ይጻፋል፤ አይኤስኦ 11439 ወይም ኢሲኢ አር110 የሚሉት የታወቁት ናቸው። ለሲኤንጂ ብቻ መሆኑም ይገለጻል። አንዳንዱ ላይ ይህ ሁሉ በመለያ ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል፤ በተለይ በፋይበር የተጠቀለሉት ብረቱ ስለማይታይ እንደዚያ ናቸው። መለያ ቁጥሩን ጻፉት። ከወረቀቱ ጋር አስተያዩት። አንዷ ቁጥር እንኳ ካልገጠመች ተዉት፣ ሂዱ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የማብሰያ ጋዝና ሲኤንጂ አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። የማብሰያው ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ በትንሽ ግፊት ፈሳሽ ይሆናል፤ ሲያፈስ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ሲኤንጂ በአብዛኛው ሚቴን ነው፤ ከአየር ስለሚቀል ሽቅብ ይወጣል። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር 200 ባር ሊሸከም አልተሠራም። "ይሄም ጋዝ፣ ያም ጋዝ" ብሎ አንዱን በሌላው የሚተካ ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

በሥርዓቱ ከተሠራ ግን ሲኤንጂ የሚያስፈራ ነዳጅ አይደለም። በራሱ ለመቀጣጠል ከ500 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ቤንዚን ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ይያዛል። ቫልቩ ላይ በእሳት ጊዜ ቀልጦ ጋዙን የሚያስወጣ መተንፈሻ አለ፤ ወደ 110 ዲግሪ ሲደርስ ይሠራል። የተፈጠረው ሲሊንደሩ እንዳይፈነዳ ነው። ሲሊንደሩ ከኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከሆነ ቫልቩ ጋዝ በማያሳልፍ ከረጢት ይሸፈናል፤ ከከረጢቱ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቱቦ ይወጣል። የኔ የመጀመሪያው ገጠማ ይህ ከረጢት አልነበረውም። ለዚህ ነው አልፎ አልፎ መኪናው ውስጥ ሽታ ይሸተኝ የነበረው። ሽታው ሆን ተብሎ ነው ጋዙ ውስጥ የሚጨመረው፤ ሚቴን በራሱ አይሸትም። "አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለቅቃል" ሲሉኝ አምኜ ነበር። ሽታ ከሸተታችሁ ሲሊንደሩ ላይ ያለውን የእጅ ቫልቭ ዝጉ። የት እንዳለም አስቀድማችሁ እወቁ።

ስለ ሞተሩ ብዙ አልልም፤ ጽሑፋችሁ በደንብ አስረድቶታል። ብቻ ዳገት ላይ አቅሙ ትንሽ እንደሚቀንስ መናገር ነበረባችሁ። ጋዙ ሞተሩ ውስጥ የአየሩን ቦታ ስለሚሻማ አንድ አሥረኛ ያህል ይጎድላል። ካንዴላዎቹም በጊዜው መቀየር አለባቸው። ጠዋት ሲነሳ በቤንዚን ይነሳል፣ ሲሞቅ በራሱ ወደ ጋዝ ይሻገራል፤ ስለዚህ ቤንዚኑን ጨርሳችሁ ባዶ አታድርጉት። ባለ 60 ሊትር የብረት ሲሊንደር ባዶውን 60 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የሚይዘው ጋዝ ወደ 10 ኪሎ ነው፤ ይህም ከ14 ወይም ከ15 ሊትር ቤንዚን ጋር ይመጣጠናል። የኋላው ሞላ ይህን ክብደት ሁልጊዜ ይሸከማል። የዕቃ ቦታ ደግሞ ይጠፋል። የልጄ ብስክሌት አሁን የሚጫነው ከፊት ወንበር ላይ ነው።

ለአካባቢም ይሻላል ብላችኋል። ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከቤንዚኑ በሩብ ያህል ያንሳል፤ እውነት ነው። ሳይቃጠል የሚያፈስስ ሚቴን ግን በመቶ ዓመት ስሌት ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ነው። እነዚያ ትንንሽ አረፋዎች ለልጄ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ክፉ ነበሩ።

አርጀንቲና ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው የጀመረችው። እዚያ ለብዙ ዓመታት በጋዝ የሚሄድ መኪና በየዓመቱ እየተፈተሸ መስታወቱ ላይ መለያ ሲለጠፍለት ኖሯል። ያ መለያ የሌለው መኪና ማደያ ሲገባ ጋዝ አይሞላለትም ነበር። ባለመኪናው ቢረሳ እንኳ ቀጂው አይረሳም ነበር። እኔን ያን ጊዜ አንድ ቀጂ "ወረቀትሽን አሳዪኝ" ቢለኝ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እነቃ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሞላ ማንም አልጠየቀኝም።

አዘጋጆቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው እትማችሁ የሲሊንደር አንገት ፎቶ በትልቁ አውጡ። እያንዳንዱ ቁጥር ምን እንደሆነ በቀስት አመልክቱ። አንባቢ ቆርጦ ጋራዥ ይዞት የሚሄደው ዓይነት ይሁን። የኔ አዲሱ ሲሊንደር የፍተሻ ጊዜው በሚቀጥለው ወር ይደርሳል። ፎቶ የምታነሱት ካጣችሁ፣ ከመኪናው ከወረደ በኋላ መጥታችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። ቁጥሮቹ አልተፋቁም፤ በጣት ይዳሰሳሉ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ነርስ