ታዋቂ ሰው ካሳየው ይተከላል፣ ግን ይበቅላል?

ሰላም አዘጋጆች፣ ታዋቂ አትክልተኞች ሰው ያልለመደውን ምግብ እንዲተክል ያነሳሳሉ ወይ ለሚለው እኔ አዎ ባይ ነኝ፣ እንግሊዝ አገር እነ ጀምስ ዎንግ (በቴሌቪዥን የሚታወቀው የዕፅዋት ባለሙያ) ኩካሜሎን የምትባል ፍሬዋ የወይን ፍሬ የምታክል የሜክሲኮ ተክል በጓሮ ዝሩ ብለው አስተዋውቀዋል። እኛ ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ላለነው ግን ሌላ ጣጣ አለ፣ ቲክቶክ ላይ ሺፈራው (ሞሪንጋ) ትከሉ ሲባል ጎረቤት ሁሉ ችግኝ ገዛ፣ ሺፈራው ደግሞ ሙቀት ነው የሚወደው የጦሳ ተራራን ብርድ አይችልም፣ ኮምቦልቻ ወረድ ሲባል ይሻለዋል። እኔ የምመኘው አንድ የምንወደው ዘፋኝ አንጮቴ ሲተክል ማየት ነው፣ የወለጋ ሰው ስሩን ቀቅሎ የሚበላው የራሳችን ተክል፣ ከዱባም ከዛች ኩካሜሎንም ጋር ዘመዳሞች ናቸው እኮ! እና ቪዲዮ የምትሰሩ ልጆች በናታችሁ ለደጋ ነው ለቆላ፣ ዘሩስ የት ይገኛል የሚለውን አብራችሁ ንገሩን።

ከደሴ ፒያሳ