ቤቱ አለ፣ ሰው እንቅጠር፦ ከደሴ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በደሴና በኮምቦልቻ ለምትኖሩ፣ ከወሎ ወጥታችሁ በአዲስ አበባም በባሕር ማዶም ላላችሁ ወገኖቻችን በሙሉ፤

ቤቱ አለን። በደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያሉ ቅሬዎች (ሌላው አገር ዕድር የሚላቸው) ድንኳንና ድስት ከሚያስቀምጡበት ግቢ ሁለት ክፍሎች ለቀውልናል፤ ጣሪያው ታድሷል፣ ግድግዳው ተቀብቷል፣ መብራትም ገብቷል። የጎደለን በዚያ ክፍል የምትቀመጥ ሰው ናት። ለሕፃናት፣ ለወጣቶችና ለአዋቂዎች የሥነ ልቦና ሕክምና የምትሰጥ ባለሙያ ቀጥረን፣ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ሳትለወጥ እንድትቆይ የሚያስችል የወር መዋጮ ነው የምንጠይቃችሁ። ሦስት ዓመት ያልንበትን ምክንያት እመለስበታለሁ።

ያለፍንበትን ማንም አልረሳውም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በደሴ ትምህርት ቤቶች ወለል ላይ አደሩ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ራሳችን ዘንድ መጣ፤ ደሴና ኮምቦልቻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በዚያው ቆዩ። ከዚያ ሱቁም ተከፈተ፣ መንገዱም ሰው ሞላው። ያኔ መዋዕለ ሕፃናት የነበረ ልጅ ዛሬ ራሱ አንብቦ የሚያጠና ተማሪ ሆኗል። ይሁንና የመማሪያ ክፍሉ የቆርቆሮ በር በነፋስ ተመትቶ ሲጮኽ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ አለ። መምህሩ ረባሽ ይለዋል፣ ጓደኞቹ ይስቁበታል፣ እሱም ለምን እንደገባ ቢጠየቅ መልስ የለውም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረት የዚህን ልጅ ነገር ከብዙ የሕክምና ቃላት በላይ ይገልጸዋል። አደጋው ማለፉን ልጁ ያውቃል፤ አካሉ ግን አላመነም። ልቡ ይመታል፣ መዳፉ ያልበዋል፣ ሳያስብ ይሸሻል።

ጉዳቱ በየዕድሜው መልኩን ይለውጣል። ሕፃን ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ እንደገና ይጀምራል፤ ያየውን በቃል ስለማይናገረው ያንኑ ትዕይንት በጨዋታ ደጋግሞ ያሳያል። ጎረምሳው በትንሽ ነገር ይደባደባል ወይም ከሰው ይርቃል፤ አንዳንዱም እንቅልፍ ሲያጣ በጫትና በመጠጥ ይሸፍነዋል። «አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» የምትል እናት ሌሊት ተነሥታ በሩ መቀርቀሩን ደጋግማ ታያለች። እነዚህ ምሳሌዎች ከብዙ ሰው የተውጣጡ ናቸው። የማንም ልጅ ታሪክ ወይም ፎቶግራፍ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ አናውልም፤ የሚያለቅስ ሕፃን ምስል ካላየሁ አልሰጥም የሚል ካለ ይቅርብን።

አዋቂዎችን አብረን የምናክመው ስለ ሁለት ነገር ነው። ሕፃን የሚረጋጋው አጠገቡ ያለው አዋቂ ሲረጋጋ ነው፤ እናቱ ሌሊቱን ሙሉ ስትባንን ልጁን ብቻ ማከም ድካም ነው። ሌላው፣ የልጅነት ቁስል ዕድሜ ሲጨምር በራሱ አይጠፋም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ከ17,000 በላይ ጎልማሶች የተሳተፉበት ጥናት፣ በልጅነት የደረሰው መከራ ዓይነት በበዛ ቁጥር በጎልማሳነት የድብርት፣ የአልኮል ሱስና የልብ ሕመም ዕድልም አብሮ እንደሚጨምር አሳይቷል።

ሕክምናው እንዴት ነው? ብዙ ሰው የሚያስበው ባለሙያዋ «ምን ደረሰብህ? ንገረኝ» እንደምትል ነው። እንዲያውም አትቸኩልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአስደንጋጭ ክስተት ማግስት ሰዎችን አንድ ጊዜ አስቀምጦ የሆነውን ሁሉ እንዲተርኩ ማድረግን አይመክርም። የመጀመሪያው ሥራ ደኅንነት ነው፦ ልጁ በሩን እያየ የሚቀመጥበት ወንበር፣ የማይቆለፍ በር፣ በተባለው ቀንና ሰዓት የምትገኝ ባለሙያ፣ «ዛሬ መናገር አልፈልግም» ሲል የሚከበርለት ቃል። ጭቃ ያድበለብላል፣ ይሥላል፣ አሻንጉሊት ያሰልፋል። የሆነውን የሚያነሣው አቅም ሲያገኝ ነው፤ ለጥቂቶች ያ ቀን ወራት ይወስዳል። ከዚያ ወደ ትምህርቱ፣ ወደ ጓደኞቹ፣ ወደ ጨዋታው መመለስ ይከተላል። መድኃኒት የሚያስፈልገው ወይም ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ያለበት ሰው ሲመጣ ያለ ቀጠሮ ወደ ሆስፒታል እንልካለን፤ እኛ ሆስፒታልን አንተካም። ጸበሉንም ዱዓውንም ተዉ አንልም።

የሦስት ዓመቱ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሕክምና ዋናው መድኃኒት ግንኙነቱ ነው። ሰው የጎዳውን፣ ሰው የተለየውን ልጅ እንደገና ሰው እንዲያምን የምታደርገው ሳትሰለች የምትመጣ አንዲት ሰው ናት። እስካሁን ያየነው ግን ሌላ ነው፦ የጥቂት ወራት ፕሮጀክት ይመጣል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ልጁ ባለሙያውን መልመድ ሲጀምር በጀቱ አለቀ ይባላል። ለዚያ ልጅ ይህ ሌላ መለየት ነው። እንዲህ ከሆነ ባይጀመር ይሻል ነበር ብዬ በስብሰባ ላይ ተናግሬ ተቆጥተውኛል፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ስለዚህ የአንድ ጊዜ ትልቅ ስጦታ ደስ ቢለንም፣ ከዚያ በላይ የምንፈልገው የማይቋረጥ ትንሽ መዋጮ ነው። ቅሬ የሚያውቀው ሥራ ነውና አዲስ አይሆንብንም።

«ተቀምጦ ለማውራት ደመወዝ ይከፈላል ወይ?» ያሉን አባት አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በወሎ ቡና አፍልቶ፣ መርቆ፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቹን አበጋሮች ሰብስቦ የተጣላን ማስታረቅ፣ ያዘነን ማጽናናት በነጻ የኖረ ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን ያየውን በስድስት ዓመቱ መሸከም ያቃተውን ልጅ እንዴት እንደሚይዙት ዓመታት ተምሮ የሚመጣ ሰው ልጅ ያሳድጋል፣ የቤት ኪራይ ይከፍላል።

ከመዋጮው አብዛኛው ለደመወዟ ይውላል። የቀረው ከእርሷ የሚበልጥ ልምድ ያለው ባለሙያ በየወሩ እየመጣ ሥራዋን እንዲያይላት ነው፤ የሰው ሐዘን ቀን ከቀን የሚሰማ ራሱም ይታመማልና ይህን ወጪ የሚቀንስ ሐሳብ አንቀበልም። ከኮምቦልቻ የሚመጡ ቤተሰቦች የትራንስፖርት ክፍያም ከዚሁ ይሸፈናል። ሶፋና ቴሌቪዥን ይገዛ ያላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልን፣ አንገዛም።

መስጠት የምትችሉት እንዲህ ነው። የቅሬ አባል የሆነ በወር 50 ብር ከመደበኛው መዋጮ ጋር ለገንዘብ ያዡ ይሰጣል፤ የበለጠ የቻለ የበለጠ ይስጥ። ከከተማ ውጭ ያላችሁ በቅሬዎቹ ስም በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ወደሚንቀሳቀሰው የባንክ ሒሳብ ላኩ፤ ቁጥሩን ከምታውቁት የቅሬ ዳኛ ብቻ ተቀበሉ፣ በስልክ መልእክት ከሚደርሳችሁ ከማንም አትቀበሉ። ገቢና ወጪው በየወሩ የቅሬ ስብሰባ ላይ ይነበባል፣ በግቢው በርም ይለጠፋል። የሕፃናቱ ክፍል ወለል ደሴ ክረምት ላይ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ታውቃላችሁና ወፍራም ምንጣፍ ያላችሁ አምጡ። የሥዕል ወረቀት፣ ባለቀለም እርሳስና ያልተሰበሩ አሻንጉሊቶችም እንቀበላለን፤ የጦር መሣሪያ አሻንጉሊት ግን አታምጡ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግቢው ተረካቢ ሰው አለ።