ምድጃውን ማን እያየ ነው? የእሳት አደጋ መከላከል ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በዓመቱ መጀመሪያ ክበቡን የተቀላቀሉት ተማሪዎች ሁሉ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፦ ቀዩን የእሳት ማጥፊያ ይዞ መርጨት። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ደስ ይለኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ስብሰባችን በእሱ አለቀ። ቀለበቱን መንቀል፣ የቱቦውን አፍ ወደ ነበልባሉ ጫፍ ሳይሆን ወደ ሥሩ ማነጣጠር፣ እጀታውን መጫን፣ ግራና ቀኝ እያሉ መጥረግ። ትንሿ የቤት ማጥፊያ ግን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ባዶዋን እንደምትቀር ስነግራቸው ዝም አሉ። አንዷ ልጅ "እና ከዚያስ?" አለች። ዓመቱን ሙሉ ስንመልስ የከረምነው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

የብርድ ወራት ሲገባ ለእያንዳንዱ አባል የአንድ ሜትር ገመድ ሰጠን። ሥራው ቀላል ነበር፦ ማታ ቤትን እየዞሩ ሙቀት የሚሰጠውን ሁሉ መፈለግ፣ ከማሞቂያው በገመዱ ልክ ውስጥ የሚነድ ነገር ካለ መመዝገብ። ለሻማ 30 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው ብለናል። ደብተሮቹ ተሞልተው መጡ። ማሞቂያ ላይ የተሰጣ ካልሲ፣ ሻማ የሚልሰው መጋረጃ፣ ከምድጃ አጠገብ የተቆለለ ወረቀት። አንዱ ልጅ አያቱ ከነብርድ ልብሳቸው ከማሞቂያው ፊት "አልነሣም" ስላሉት፣ እሳቸውን ትቶ ማሞቂያውን አነሣ። ከዓመቱ ሪፖርቶች ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ገመና ልናገር። 2,000 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ገደማ እንደሚስብ፣ ስለዚህም በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ እንጂ በኤክስቴንሽን መሰካት እንደሌለበት በሰሌዳ ላይ አስልቼ አሳይቻቸዋለሁ። ተጠቅልሎ የተቀመጠ ገመድ ደግሞ ሙቀቱን የሚያወጣበት ስለሌለው የላስቲክ ልባሱ እስኪቀልጥ ሊደርስ ይችላል። በሳምንቱ አንዲት ተማሪ ደብተር ልታስረክብ ወደ ማረፊያ ክፍላችን መጣች፤ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛዬ ሥር ያለውን ጥቅል ገመድ ነካችና "መምህር፣ ይሞቃል" አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ነቀልኩት።

የዘይት እሳትን በተግባር አሳየን የሚለውን ውትወታ አልተቀበልኩም፤ አሁንም አልቀበልም። በቃል ግን ደጋግመን ተነጋግረናል። በሚነድ ዘይት ላይ የፈሰሰ ውኃ ከዘይቱ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፤ እዚያም በቅጽበት ተንኖ 1,700 እጥፍ ገደማ ይሰፋና የሚነደውን ዘይት ወደ ጣሪያና ወደ ሰው ፊት ይረጨዋል። መድኃኒቱ ክዳን ነው። ምድጃውን አጥፍቶ መክደን፣ እስኪበርድ አለመክፈት፣ መጥበሻውን አንሥቶ አለመሮጥ።

በተግባር ያሳየሁት የሻማን ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1860 መጨረሻ ለወጣቶች ስለ ሻማ ባስተማረበት ጊዜ እንዳደረገው፣ ሻማውን አጥፍተን ከክሩ በሚወጣው ጭስ ላይ ክብሪት አቀረብን። ነበልባሉ በጭሱ በኩል ዘሎ ክሩን መልሶ ለኮሰው። ልጆቹ አሥር ጊዜ ያህል አስደገሙኝ። ጭስ ገና ያልነደደ ነዳጅ መሆኑ ከገባቸው በኋላ፣ እሳት ሲነሣ በርን ከኋላ ዘግቶ መውጣት ለምን እንደሚጠቅም ማስረዳት አላስፈለገኝም። ጎንበስ ብሎ መውጣቱንም ራሳቸው ጨመሩበት።

እሳት አመድ ይወልዳል ይባላል፤ አመዱም ግን መልሶ እሳት ሊወልድ ይችላል። ረመጥ ውስጡ ፍም ይዞ ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ስለሚችል ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ከቤት ርቆ መቀመጥ አለበት። ከሰልን በተዘጋ ክፍል ማንደድ ደግሞ ነበልባል ሳይኖርም ይገድላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ የጭስ ጠቋሚም አያውቀውም።

ከሁሉ ያደከመን በዓሉ ነበር። ቤቱ በሰው ሲሞላ እያንዳንዱ "ሌላው ያየዋል" እያለ ምድጃውን ጥሎ ይሄዳል። መጀመሪያ ፖስተር ሠራን፤ ማንም አላነበበውም። ቀጥሎ አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የቀይ ሪባንን ሐሳብ አመጣ፦ ምድጃ የሚጠብቀው ሰው ሪባኑን በእጁ ያስራል፤ ከኩሽና መውጣት ከፈለገ ለሌላ ሰው አስሮ ይወጣል፤ ተረካቢ ካጣ እሳቱን ያጠፋል። ስልክ ቢጮኽም፣ እንግዳ ቢያንኳኳም ሕጉ ያው ነው።

ከበዓሉ በኋላ ሪፖርት ስንሰማ በአብዛኛው ቤት ሠርቷል። እናቶች ወደዱት፤ ሌላው ሰውም ኩሽና መግባት ግድ ሆኖበታልና። በአንድ ቤት ግን ሪባኑ ከድመቷ አንገት ላይ ተገኝቷል። ጥፋተኛው አልታወቀም። አባላቱ ለመጪው ዓመት ሪባኑን በሽርጥ ላይ ለመስፋት ወስነዋል፤ ለድመት የሚበቃ ሽርጥ ማንም እንዳይሰፋም በቃለ ጉባኤ ይዘናል።