ቀኝ እጅ ለሆናችሁኝ ሁሉ

ደህና ነኝ። የትከሻዬ ኦፕሬሽን በሰላም አልቆ ቤቴ ገብቻለሁ። ቀኝ እጄ ገና አንገቴ ላይ ታስራለች፤ ይህንንም የምጽፈው በግራ አውራ ጣቴ ስለሆነ የፊደል ግድፈት ካያችሁ እለፉኝ።

ደውላችሁ ላላነሳሁላችሁ፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ያን ሁሉ መንገድ መጥታችሁ ተኝቼ ላገኛችሁኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ኦርኬስትራ መምራት ከሩቅ ሲያዩት ዱላ ማወዛወዝ ይመስላል። ግን ክንድን አንስቶ ሰዓታት መቆም፣ ያውም ለዓመታት፣ ትከሻ ይጨርሳል። ሐኪሙ የተበጠሰውን ጅማት አይቶ «ስፖርተኛ ነህ እንዴ?» አለኝ። ጓደኞቼማ የሉሊን ታሪክ እያነሱ ሲያሾፉብኝ ከረሙ፤ የፈረንሳይ ንጉሥ ሙዚቀኛ ነበር፣ ምት የሚመታበትን ዘንግ እግሩ ላይ አሳርፎ፣ ቁስሉ መርቅዞበት እ.ኤ.አ. በ1687 ሞተ። እኔ በትከሻ ተገላገልኩ!

ዋናው ምስጋናዬ ለኦርኬስትራችን ልጆች ነው። ኮንሰርቱ ሲቃረብ ስታመም «ይቅር» ብዬ ነበር፤ እምቢ አሉ። ያውም የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ አለበት። መክፈቻውን ታ-ታ-ታ-ታምን የማያውቅ የለም፤ ግን ከፊቷ አጭር ዕረፍት አለች፣ እሷን የሚያሳይ ሰው ከሌለ ሁሉም በየፊናው ይገባል። የመጀመሪያ ቫዮሊን ተጫዋቻችን ከወንበሯ ሳትነሳ ደጋኗን ከፍ አድርጋ ትንፋሽ ሳበች፣ ሁሉም እኩል ገቡ። ቪዲዮውን ስንቴ እንዳየሁት! የሁለተኛው «ታም» ከመጀመሪያው በአንድ ባር፣ ማለትም በአንድ የምት ክፍል ይረዝማል፤ ብዙ ሰው እዚያ ይቸኩላል፣ እሷ ግን ጠበቀች። እኔ ራሴ ሁሌ እንደዚያ አልታገስም።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ መምህራን የአርመናውያኑን ሙዚቀኞች የናልባንዲያኖችን ስም ሳያነሱ አይውሉም ነበር። ኬቮርክ እ.ኤ.አ. በ1924 ከአርባዎቹ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ባንድ ጋር ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ስንቱን ሙዚቀኛ አሠለጠነ። እኔም ከእነሱ የወሰድኩት ይህንኑ ነው፤ መሪው ባይኖር የሚጫወት ልጅ ማፍራት። መምህሮቼ፣ ያላችሁም የሌላችሁም፣ ዕዳችሁ አለብኝ።

እድራችን፣ ሆስፒታል ያመላለሰኝ ባለ ሚኒባስ፣ ፋሻ ሲቀየር እየቀለደች ያሳለፈችኝ ነርስ፣ ኑሩልኝ። ከታች ፎቅ ያሉት እትዬም፣ በልምምዳችን ጩኸት ስንት ጊዜ ተጣልተን፣ በየማለዳው አጥሚት ይዘው ሲመጡ ምን ልበል? ልምምዱን ወደ ከሰዓት አዙረነዋል፣ እትዬ።

ቅዳሜ እንገናኛለን፤ ዱላውን አልይዝም፣ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። የቪዮላውን ኖታ የወሰደ ሰው ካለ ይዞ ይምጣ።